ቀፎ ለሚሸከም ልጅ የትኛው ቦርሳ ይሻላል?

በእኛ በዋግ ሸክም የማያውቅ ጀርባ የለም። ሕፃኑ ገና ለጋ ሳለ አንቀልባ ውስጥ ይገባል፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው እሱ ራሱ ታናሹን ያዝላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ጀሪካኑ ይጨመርላታል። ካደጉ በኋላ የሸክሙ ዓይነት ይለወጣል እንጂ ሸክሙ አይቀርም። ስለዚህ ጡረታ የወጣች ነርስ ስለ ጀርባ ቦርሳ ልጻፍ ብትል አይፍረዱባት። ሌላ አገር የሽርሽር ወሬ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የጤና ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሳው በልጅ ልጄ ነው። ዕድሜው 19 ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ እንደ ብዙ እኩዮቹ ዓይኑ ወደ ስደት እንዳያማትር ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ስጸልይ ነበር። እሱ ግን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ንብ ማነብ ያዘ። እሰየው አልኩ። ሰቆጣ አካባቢ የሚቆረጠውን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው ሥራው ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም። የተጎዳ መሬት፣ አጭር ክረምት ባለበት አገር ንብ እንደ በሬ ግጦሽ አትለምን፣ እንደ እህል ሰፊ ማሳ አትፈልግ።

ንብ የማያውቅ የከተማ አንባቢ ካለ ትንሽ ላስረዳ። ክረምቱ ወጥቶ ተራራው በአበባ ሲሸፈን ንቡ ይራባል። ቀፎው ሲጠበው አሮጌዋ አውራ ግማሽ ያህሉን ንብ አስከትላ ትወጣለች። ያን ጊዜ አናቢው ቀድሞ በወይራ ጭስ ያጠነውን ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። የወጣው ንብ ከወደደው ይገባበታል፤ ካልወደደው ወደ ገደሉ ይሄዳል። ልጆቹ ንብ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ከሰፈር ወጥተው ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ወይራና ሾላ ወዳለበት ሸለቆ ደርሰው ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ያንኑ ዳገት ተመልሰው ይወጣሉ። አህያ እስከ ግማሽ መንገድ ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የዝንጀሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄደው ጀርባ ብቻ ነው።

የሚሸከመውን አንድ ቀን በማንጠልጠያ ሚዛን መዘንኩት። ሚዛኑን የተዋስኩት ከማር ነጋዴ ጎረቤቴ ነው፤ እኛ ሕፃን ከምንመዝንበት ጋር ወንድማማች ስለሆነ አያያዙን አውቅበታለሁ። ከቀንበጥ የተሠሩ ሁለት ባዶ ቀፎዎች 8 ኪሎ፣ ገመድ 1 ኪሎ ተኩል፣ ማጨሻና ኩበት 2 ኪሎ፣ የንብ ልብስና ጓንት 1 ኪሎ ተኩል፣ ሦስት ሊትር ውሃ 3 ኪሎ፣ በሶና ቆሎ፣ ቢላና ትንንሽ ዕቃ ሌላ 1 ኪሎ ተኩል። ድምሩ 17 ኪሎ ተኩል መጣ። ልጁ ራሱ የሚመዝነው 54 ኪሎ ነው። የክብደቱን ሲሶ ይሸከማል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ሲሄድ ነው። ማር ተቆርጦ ሲመለስስ? ማር እንደ ውሃ አይደለም፤ አንድ ሊትሩ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይመዝናል። ውሃ ቢሞላ 20 ኪሎ የሚሆነው ቢጫ ጀሪካን ማር ሲሞላ 28 ኪሎ ይሆናል። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ። «እማዬ፣ ማር ከሞላማ 28 ኪሎ ይሁን!» አለኝ። ወጣትነት እንዲህ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ይሸከም? ቤታችን ውስጥ ሦስት ምርጫ ነበረ። አንደኛው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ማዳበሪያ ነው፤ አፉ ታስሮ፣ በሁለት ጎኑ ገመድ ገብቶለት እንደ ማንገቻ የሚያገለግል። ሁለተኛው ከገበያ የተገዛ ትልቅ የተማሪ ቦርሳ ነው። ሦስተኛውን አሜሪካ ያለው ልጄ በሰው እጅ ላከው። ሲከፈት ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየው። ሬንጀር የመሰለ ዝንጉርጉር ጨርቅ፣ ከኋላው ሁለት የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ከታች የሚዘረጋ መደርደሪያ፣ በየጎኑ የማሰሪያ ጠፍር፣ በወገቡ ዙሪያ ደግሞ እንደ ትራስ የወፈረ ቀበቶ። ልጄን በስልክ ስጠይቀው የአዳኞች ቦርሳ ነው አለኝ። እዚያ አገር አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ጫካ ገብተው ዛፍ ላይ የብረት መቀመጫ ያስራሉ፤ ከላይ ሆነው እንስሳው በሥራቸው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። መቀመጫው፣ ገመዱ፣ መወጣጫው ሁሉ ከባድ ስለሆነ እሱን ለመሸከም የተሠራ ቦርሳ ነው። «ልጁ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ከሆነ ከነሱ ሥራ ጋር ምን ለየው?» አለኝ። እውነቱን ነው።

የትኛው እንደሚሻል የፈረድኩት በወሬ አይደለም። ስለ ሸክም ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ የክትባት ዕቃ ነው። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ጥቂት ዓመት በኋላ ነው እኔ ነርስ የሆንኩት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ አራት በረዶ በዙሪያው ይደረግና ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ሲሞላ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይሆናል። ብዙ አይደለም፤ ግን ማንገቻው አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ትከሻ ይንጠለጠላል። በአንድ ትከሻ የተንጠለጠለ 5 ኪሎ አራት ሰዓት ከሄዱበት የሰውን ወገብ ያጣምማል። ከእኔ ጋር ይሠሩ የነበሩ አንዲት ጤና ረዳት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳጥኑን በነጠላ አድርገው እንደ ልጅ ያዝሉት ነበር። እኛ ስንደክም እሳቸው ይዘፍናሉ። ምስጢሩ አንቀልባ ነው። አንቀልባ ልጁን ከጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ክብደቱንም በሰፊ ቆዳ ለትከሻ፣ ለደረትና ለወገብ ያካፍለዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቦርሳ ሳይ «ከአንቀልባ በምን ይበልጣል?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

በማዳበሪያው ልጀምር። ማዳበሪያ ክብደት የለውም፤ ርካሽ ነው፤ ቢቀደድ አያስቆጭም። ችግሩ ገመዱ ነው። ቀጭን ገመድ 17 ኪሎ ተሸክሞ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ሥጋውን ብቻ አይደለም የሚጫነው። ከአንገት ተነስቶ በትከሻና በብብት በኩል ወደ እጅ የሚወርድ የነርቭ ጥቅል አለ። ገመዱ ያን ሲጫነው መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ክንድ ይዝላል። ጊዜው ሲረዝም ሰውየው እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት ይሳነዋል። በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ በከባድ የጀርባ ጓዝ የሚጓዙ ወታደሮች ላይ ብዙ ታይቷል። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ዕረፍት ይመለሳል፤ የማይመለስም አለ። አሁን አስቡት፤ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ነው ሸለቆው ሥር ደርሶ ዛፍ የሚወጣው። በተጨማሪም ማዳበሪያ ቅርጽ ስለሌለው ቀፎው ይዞርና ጠርዙ ወገብ ይወጋል፤ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጁም ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱን ወደ ፊት ይሰብራል። በማዳበሪያው የሄደ ቀን ዳገቱን ሲወጣ አራት ጊዜ አረፈ። ሸሚዙን አውልቆ ሳየው ገመዱ ያረፈበት ቦታ ሁለት ቀይ መስመር ነበረ፤ ማታም አልጠፋ።

የተማሪው ቦርሳ ማንገቻው ሰፋ ያለ ነው፤ እሱ ደግ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለደብተር ነው። ሁለቱ ቀፎዎች ውስጡ አይገቡም፤ ውጪ ላይ ሲታሰሩ ከጀርባ ይርቃሉ። ሸክም ከጀርባ አንድ ስንዝር በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ይጨምራል፤ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም። ባልዲ ውሃ ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድ ዘርግቶ መያዝ አንድ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ስፌቱም በሦስተኛው ጉዞ ከማንገቻው ሥር ተተረተረ። እኔ በጠንካራ ክር መልሼ ሰፋሁት፤ አሁን ስንቅና ልብስ ብቻ ይሸከማል። ቦርሳውን አልወቅስም። ለማይሆን ሥራ የተጠራ ሰው ነው።

ወደ አዳኞቹ ቦርሳ ስመጣ መጀመሪያ በጥርጣሬ ነው ያየሁት። ባዶውን 3 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል። ከማዳበሪያው ጋር ሲተያይ ልጁ ገና ምንም ሳይጭን ሦስት ሊትር ውሃ የሚያህል ተሸከመ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በሄደበት ቀን ዳገቱ ላይ ያረፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያረፈውም ደክሞት ሳይሆን ጓደኞቹን ለመጠበቅ እንደሆነ በኩራት ነገረኝ። ትከሻው ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ሥራውን የሚሠራው ያ ወፍራም የወገብ ቀበቶ ነው። ዘንጎቹ ክብደቱን ከላይ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ቀበቶው ደግሞ የዳሌ አጥንት ላይ ያሳርፈዋል። ዳሌ በሰውነታችን ውስጥ ጠንካራው ተሸካሚ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የጭን ጡንቻዎች ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው። ትከሻ ግን ብዙውን ጊዜ በጡንቻ የተንጠለጠለ መገጣጠሚያ ነው፤ ለእጅ ሥራ እንጂ ለጭነት አልተበጀም።

ቀበቶው እንዲሠራ ግን አስተሳሰሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ትከሻውን አጥብቆ ወገቡን ላልቶ ነበር የታሰረው፤ ገበያ የምናያቸው ወጣቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም ጠፍር ይላላል። ከዚያ ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ ውሎ ይጠበቃል። የትከሻው ማንገቻ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያህል ብቻ። በማንገቻውና በትከሻው መካከል ጣት ሊገባ ይገባዋል። ከባዱ ዕቃ፣ ውሃውና ገመዱ፣ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ይቀመጣል። ቀፎው ቀላል ስለሆነ ከነሱ ውጪ ይታሰራል።

ይህን የፈረንጅ ብልሃት ስናደንቅ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ኦለ በርጋን የተባለ ኖርዌያዊ ለአደን ወጥቶ ሳለ የተሸከመው ከረጢት ጀርባውን አሰቃየው። የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጀርባው ቅርጽ አጎበጠና ከከረጢቱ ጋር አሰረው። በዓመቱ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር የሚበቅለው ጥድ የዚያ ጥድ ዘመድ ነው። የወገብ ቀበቶውንና የአሉሚኒየሙን ፍሬም አንድ ላይ አድርጎ ለገበያ በማስለመድ የሚታወቀው ደግሞ ካሊፎርኒያ የነበረው ዲክ ኬልቲ ነው፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው «እኛ ያለ ዘንግ ያለ ቀበቶ አርጅተን የለም ወይ?» አሉኝ። አባባላቸው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶችን ያጠኑ ሳይንቲስቶች ሴቶቹ የክብደታቸውን 20 በመቶ እስኪሸከሙ ድረስ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ ደርሰውበታል። የኔፓል ተሸካሚዎችም በግንባራቸው ጠፍር የራሳቸውን ክብደት የሚጠጋ ጭነት ተራራ ያወጣሉ። ልማድና ብልሃት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ለሽማግሌው የመለስኩላቸው፣ ጥናቱ የለካው ጉልበትን እንጂ አንገትንና ጉልበታቸውን እያሻሹ ጤና ጣቢያ የሚመጡትን አይደለም ብዬ ነው። እሳቸውም ሲነሱ በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው ነው የተነሱት። ምንም አልጨመርኩም።

የአዳኞቹ ቦርሳ ግን እንዳለ ለእኛ አይሆንም። ትልቁ ችግር መልኩ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ሬንጀር የሚመስል ነገር አዝሎ በጫካ መንገድ ሲሄድ የሚያየው ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለአማራ ክልል እናት አይነገራትም። ፍተሻ ላይ «የንብ ዕቃ ነው» ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ ልቤ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ንብ ጥቁርና ደማቅ ያልሆነ ቀለም ትጠላለች፤ የምታጠቃው ጠቆር ያለውን ነው። የንብ ልብስ ነጭ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አምስት ሜትር አቡጀዴ ገዝቼ ለቦርሳው ሙሉ ልብስ ሰፋሁለት፤ ዘንጉም ጠፍሩም እንዳይታይ። አሁን ከሩቅ የሚታየው ነጭ ነገር ነው፤ የጓደኞቹ እናቶችም ልጆቻቸው የት ዳገት እንደደረሱ በሱ ያውቃሉ። ሦስተኛ፣ ጨርቁ ናይለን ስለሆነ እሳት አይችልም። ማጨሻው ገና ትኩስ ሳለ ውስጡ እንዳይከት፣ በሽቦ ከመደርደሪያው ሥር እንዲያንጠለጥለው አስጠነቀቅሁት።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ልምጣ። ቦርሳው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዛፍ ላይ አይወጣም። ሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁት ነገር አለ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አንድ ጎረምሳ ቀፎ ጀርባው ላይ አስሮ ሾላ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ንብ ነደፈው፤ አንድ እጁን ለቀቀ። ጀርባው ላይ ያለው ሸክም ወደ ኋላ ጎተተውና በጀርባው ወደቀ። የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዎቹ በደግነት፣ ነፍሱን ለማትረፍ ሲጣደፉ፣ አንዱ በብብቱ ሌላው በእግሩ አንስተው በቅሎ ላይ አስቀመጡት። እኛ ጋ ሲደርስ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ከእምብርቱ በታች መርፌ ብንወጋው አያውቅም። ጉዳቱ የወደቀ ጊዜ የደረሰ ይሁን ሲነሳ የባሰ ይሁን ማንም ሊለየው አይችልም። እናቱ ራስጌው ቆመው «ልጄ እግሩን አውጣለት» እያሉ ይለምኑኝ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ከከፍታ ወይም ከቆመበት ወድቆ ይሞታል፤ ከነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አሜሪካኖቹም አዳኝ ከዛፍ መቀመጫው እየወደቀ ስለተቸገሩ ሕግ የመሰለ ልማድ አበጅተዋል፤ ዕቃ ይዘህ አትውጣ፣ ራስህን ከዛፉ ጋር ሳታስር አትሥራ ይላሉ። እኔም ለልጆቹ ይህንኑ ነው ያስያዝኳቸው። ቦርሳው ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ልጁ የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሁለት እጅና በሁለት እግሩ፣ ባዶ ጀርባውን ይወጣል። መቀመጫ ቅርንጫፍ ሲያገኝ ደረቱንና ጭኑን በያዘ ሰፊ ጠፍር ራሱን ከግንዱ ጋር ያስራል። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ቀጭን ገመድ ሰው ሲወድቅ ሆድ ይጨፈልቃል፤ ስለዚህ አይሆንም። ማሰሪያው ከትከሻው ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ይውላል፤ እንዳይረዝምም ይጠነቀቃል፤ ቢንሸራተት የሚወርደው ትንሽ እንዲሆን። ከዚያ በኋላ ነው ቀፎውን በገመድ የሚስበው። ብቻውንም አይሄድም።

እንግዲህ እግዚአብሔር አያምጣውና ሰው ቢወድቅ፣ እናትም አባትም ይህን ያንብቡት። ሕይወቱን የሚያሰጋ ሌላ ነገር ከሌለ ካለበት አታንሱት። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ከአካሉ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ቃሬዛ ወይም የበር ሳንቃ ይምጣ። ማዞር ሲያስፈልግ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ቃል፣ ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር እንደ አንድ ግንድ እኩል ያዙሩት። ጎንና ጎኑ በልብስ ተደግፎ፣ ሳንቃው ላይ ታስሮ ይሂድ። በቅሎ ላይ ማስቀመጥ፣ ማዘል፣ በጋቢ አንጠልጥሎ መሸከም አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ብንዘገይ ይሻላል።

የልጅ ልጄ ጓደኞች አራት ናቸው፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያለው ግን እሱ ብቻ ነው። አንድ አናጢ ጠርተን ቦርሳውን አሳየነው። ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ይህማ ወንበር ነው፤ እግር የሌለው» አለ። ከደረቀ እንጨት ሁለት ዘንግና አራት መስቀለኛ ሠራ፤ ከታች መደርደሪያ አወጣለት። ለማንገቻውና ለወገቡ የአሮጌ መኪና ቀበቶ ከጋራዥ ገዛን። ሰፊ ነው፤ አይበጠስም። ቀበቶው ዳሌ እንዳይልጥ ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሞልቼ በሸራ ሰፋሁት። ጀርባ የሚነካው ቦታ ላይ ዘንጉ እንዳይወጋ ሌላ የመኪና ቀበቶ አግድም ወጠርን፤ አየርም ያስገባል። ባዶው 2 ኪሎ ተኩል መጣ፤ ከአሜሪካው ይቀላል። ጫናው ሲበዛ እንጨቱ ትንሽ ይጮሃል፤ ዘለበቱም እንደዚያኛው በአንድ ጣት አይፈታም። ሌላ ጉድለት አላገኘሁበትም። ሁለቱን አዝለው ሲወርዱና ሲወጡ ካየሁ በኋላ፣ ገንዘብ አውጥቶ የውጭውን ለመግዛት ለሚያስብ ወላጅ የምለው፣ ያን ገንዘብ ለገመድና ለንብ ልብስ አውሉት ነው።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው በዚህ በእንጨቱ ነው። አናጢው ግቢያችን ውስጥ ሲሠራ የጎረቤቴ ልጅ ከምንጭ ስትመለስ ቆማ ታየዋለች። 11 ዓመቷ ነው፤ ሚዛኑ ስለነበረ አንጠልጥለን 30 ኪሎ ሆነች። ጀሪካኗን መዘንኩት፤ ባለ 20 ሊትሩ ከነውሃው 21 ኪሎ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ተማሪ የሚይዘው ቦርሳ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለሷ ይህ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው። በስሟ የሚጠራ ትልቅ ቃል የተገባላት ከተማ ልጅ ናት፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲታወጅ ዓላማው እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ያለውን መቀንጨር ማስቀረት ነበር። ስለ ጠገበው ሆድ እንዲህ ሲታሰብ ስለ ጀርባው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ነገሩ ከጀርባ ያልፋል። ከባድ ሸክም ከብዙ ወሊድ ጋር ሲደመር ማህፀን እንዲወጣ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አራስ ሳሉ ውሃ የቀዱ እናቶች አፍረው ዓመታት ደብቀውት ሲመጡ አይቻለሁ።

እናቷን ጠርቼ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ጀሪካኑ በአንዴ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው አለ፤ ምንጩም ሩቅ ነው። የተስማማነው ባለ 20 ሊትሩን እናቲቱ ወይም ታላቅ ወንድሟ እንዲያመጡት፣ ልጅቷ ደግሞ ባለ 5 ሊትሩን ብቻ እንድትይዝ ነው። ወንድሟ መጀመሪያ «ውሃ ወንድ አይቀዳም» ብሎ ነበር። የልጅ ልጄ የእንጨቱን ፍሬም አሳዝሎት፣ ጀሪካኑን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶውን ዳሌው ላይ አሰረለትና «ቀፎ መሰለህ እንጂ ማን ያይሃል?» አለው። አናጢው አሁን ለልጁ ሌላ እየሠራ ነው፤ መደርደሪያው በጀሪካኑ ልክ ሰፋ ብሎ፣ ውሃው ወዲያ ወዲህ እንዳያናጋው ከላይ አንድ ጠፍር ተጨምሮለት። ለሚቀጥለው ገበያ አደርሳለሁ ብሏል።